የፋሻ አባት

ዳኛው በጡረታ ከተገለሉ ወዲህ ቤታቸው ከችሎት የባሰ ጸጥ ያለ ሆኗል። ሚስታቸው ካረፈች ብዙ ዘመን ነው። የቀሩት አባትና ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም ቁጥቦች። ጠዋት ሻይ አብረው ይጠጣሉ፣ ማታ “ደህና እደሪ”፣ “ደህና እደር” ይባባላሉ፤ የመሀሉን ሬዲዮ ይሞላላቸዋል። አይዋደዱም ማለት አይደለም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ላለማስቸገር ሲል ነበር ዝም የሚለው። ዝምታው ግን እያደር እንደ ቤት ዕቃ የራሱን ቦታ ይዞ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ሰው ሰራሽ ጥርስ ትሠራለች። ሐኪሞች የሚልኩላትን የድድ ልክ ተቀብላ በጀሶ ትቀዳለች፣ ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች። ውላ የምታየው የሰው አፍ ነው፤ እሱም የማይናገር አፍ። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የታጠበ ደረጃ አዳለጣትና እየተንከባለለች ወርዳ እግሯን ሰበረች። ሐኪም ቤት አጥንቷን ቦታው መልሰው ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ አሸጓት፤ እብጠቱ እስኪጎድልም አስተኟት።

“ዕድሜ ልኬን በጀሶ ስጫወት ኖሬ፣ ይኸው ተራውን ወሰደ” አለች አባቷን ስታይ።

ዳኛው ሳቁ። እሷ ግን ቀልዷን ሳትጨርስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ማልቀስ ጀመረች።

“አመመሽ እንዴ? ነርሷን ልጥራት?”

“አላመመኝም፣ አባዬ።”

“ታዲያ ምን ሆንሽ?”

“ቅዳሜ ዝገት ይመጣል።”

ዳኛው ግራ ገባቸው። ዝገት ብረት ሲበላ ያውቃሉ እንጂ ቀን ቆርጦ ሲመጣ ሰምተው አያውቁም። የሰጧት ማስታገሻ አናቷ ላይ ወጥቶ ይሆን ብለው ግንባሯን ዳበሱ። ልጅቷ እንባዋን በአንሶላው ጫፍ ጠርጋ አስረዳቻቸው። ዝገት የሮክ ባንድ ነው። አራት ሰዎች ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል፣ ከበሮ መቺው ወገቡን ያመዋል። ወደዚህ ከተማ ከመጡ ዓመታት አልፈዋል፤ የአሁኑ ደግሞ የመሰናበቻቸው ነው ተብሏል። ትኬቷ ቤት፣ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል።

ዳኛው ልጃቸው አልፎ አልፎ ጥቁር ካናቴራ ለብሳ፣ የቆዳ ቦርሳ አንግታ እንደምትወጣ ያውቃሉ። የት እንደምትሄድ ጠይቀዋት አያውቁም። ትልቅ ሰው ናት፤ ትልቅ ሰው ደግሞ አይመረመርም ብለው ነው። አሁን ያን ጀርባዋን፣ ማልቀሷን ላለማሰማት የሚንቀጠቀጠውን ትከሻዋን እያዩ ሳለ አፋቸው ከሐሳባቸው ቀደመ።

“እኔ ብሄድልሽስ?”

“የት?”

“ዝገቱ ጋ። ስልኬን ከፍቼ እይዝልሻለሁ። አንቺ እዚሁ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።”

ልጅቷ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። መሳቋን ስትጨርስ አባቷ ገና እንደተኮሳተሩ ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዳኛው ደግሞ በገዛ ፍርዳቸው ላይ ይግባኝ የሚጠይቁ ሰው አይደሉም።

“የምርህን ነው? እሺ... በላይኛው በር በኩል ሂድና ረጅሙን ፈልግ። ቦታ ይይዝልሃል።”

“ማን ይባላል?”

“ረጅሙ።”

“የአባቱስ ስም?”

“አባዬ!” አለች፤ እንደገና ሳቋ መጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ጫማቸውን አስወልውለው፣ ትኬቷን ይዘው ስታዲየሙ በር ደረሱ። ሰልፉ አጥሩን ተከትሎ ጥግ ይዞራል። ጥቁር ካናቴራ፣ የተቀደደ ሱሪ፣ ሰንሰለት፣ እስከ ወገብ የወረደ ጸጉር፣ ደግሞም ጨርሶ የተላጨ ራስ። በዚያ ሁሉ መሀል ዳኛው ሠርግ ተጠርቶ አድራሻ የተሳሳተ ሰው መስለው ቆሙ። በሄዱበት ጨዋታው ጸጥ ይላል። አንዱ ሲጋራውን ከኋላው ደበቀ። አንዷ ደግሞ ለጓደኛዋ “ሲቪል ለባሽ ነው፣ ተጠንቀቅ” ስትል በጆሯቸው ሰሙ።

ረጅሙን ማግኘት ግን አላስቸገረም፤ ከሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ራስ ይበልጣል። ክንዱ ከእጁ አንጓ እስከ ትከሻው ተነቅሷል፤ እባብ ነው፣ እሳት ነው፣ የራስ ቅል ነው፣ ያልተሣለበት ነገር የለም። ዳኛው በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለውን ክንድ ያዩት አብዛኛውን ጊዜ በፖሊስ ታጅቦ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ይቅርታ፣ ረጅሙ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?”

ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አያቸው። “አንቱ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ምን አጠፋሁ፣ አባባ?”

“ምንም። ልጄ ልካኝ ነው” አሉና የልጃቸውን ስም ጠሩ።

ረጅሙ አሰበ። ወደ ኋላው ዞሮ ስሙን ለሌሎቹ ጠየቀላቸው። ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ፤ በዚያ ስም የሚያውቋት ሰው የለችም። ዳኛው ደነገጡ። ልጄ ሰዎቹን ታውቃቸዋለች እንጂ እነሱ አያውቋትም ማለት ነው? ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ጥግ ላይ ብቻዋን ስትቆም ኖራ ይሆን? ከኪስ ቦርሳቸው ፎቶግራፏን አውጥተው ሰጡት።

ረጅሙ ፎቶውን አየና ዓይኑ ፈጠጠ።

“ፋሻ!” ብሎ ጮኸ። “ጎበዝ! የፋሻ አባት ናቸው!”

ሰልፉ ተናጋ። “የፋሻ አባት! የፋሻ አባት መጡ!” የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ጥጉን ዞሮ ሄደ። እጃቸውን የሚጨብጥ፣ ትከሻቸውን የሚያቅፍ፣ ውሃ የሚያቀብል በዛ። ያ ሲጋራውን የደበቀው ሰውዬ የሚታጠፍ ወንበሩን ዘርግቶ አስቀመጣቸው። በመሀል አንዲት ሽበታም ሴት ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡ። ዕድሜያቸው ከዳኛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ የለበሱት ካናቴራ ላይ ግን ዝገት የሚል ቃል በመብረቅ ቅርጽ ተጽፏል። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ እዚህ ግን ሁሉም የሚጠራቸው እትዬ ነጎድጓድ ብሎ ነው።

“እሷስ የታለች?” አሉ እትዬ ነጎድጓድ።

“እግሯን ተሰብራ ተኝታለች። በጀሶ ታሽጋ።”

ጫጫታው ባንዴ ረገበ።

“ውይ ልጄን! ፋሻን ማን በፋሻ ጠቀለላት!” አሉ እትዬ ነጎድጓድ ደረታቸውን ይዘው፤ ከዚያ የተናገሩት ራሳቸውን አሳቃቸው፤ ሌላውም ተከትሎ ሳቀ፤ ዳኛውም ሳያስቡት አብረው ሳቁ።

ስሙ የወጣላት በዚያች የቆዳ ቦርሳዋ ምክንያት ነው። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ የጆሮ መድፈኛ፣ ውሃ፣ መርፌና ክር ከውስጧ አይጠፋም። በግፊያ መሀል የወደቀ ካለ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። አንዷ ጉልበቷን አሳየቻቸው፤ “ይቺን ያሰረችልኝ ፋሻ ናት።” አንዱ ጫማውን አነሳ፤ “ሶሉ ሲገነጠል እዚሁ ቁጭ ብላ ሰፋችልኝ።” ረጅሙ ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቀና ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኮ ዝግ ባለ ድምፅ አጫወታቸው። ዳቦ ጋጋሪ ነው። እናቱ የሞተች ሰሞን ቤት መግባት አስጠልቶት ሥራ ቦታው ነበር የሚውለው የሚያድረው።

“ፋሻ መጣች። የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ አለች። አይዞህ አላለችኝም፤ ሁሉም ይሞታል፣ ምናምን አላለችኝም። ዝም ብላ ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች፣ እንደዚያው። አባባ፣ እንደ እሷ አድርጎ ዝም ማለት የሚችልበት ሰው አይቼ አላውቅም።”

“ቤቷ የተማረችው ነው” አሉ ዳኛው።

“ዝም ማለት ብቻ እንዳይመስልዎ” አሉ እትዬ ነጎድጓድ። “ስትጮህማ የእኔን ስም የወሰደች ነው የሚመስለው።”

“ልጄ ጮሃ አታውቅም።”

ይህን ሲሉ ሰልፈኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። “ታዲያ ዛሬ ችሎቱን ማን ሊከፍተው ነው?” አለች ጉልበቷን ያሳየችው ልጅ።

“የምን ችሎት?” አሉ ዳኛው።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ፤ ማን ይንገራቸው እንደማለት ነው። ረጅሙ ራሱን እያከከ ነገራቸው። ገና ፋሻ ከእነሱ ጋር የዋለች ሰሞን፣ ባንዱ ሲዘገይባቸው ሰዉ ተሰላቸ። ያኔ ያቺ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ ልጅ ድንገት ሳጥን ላይ ወጥታ፣ ድምፅዋን አወፍራ፣ “ችሎቱ ተሰይሟል!” አለች። “አባቴ እንደዚህ ነው የሚለው፤ አንድ ጊዜ ትንሽ ልጅ ሆኜ ሥራ ቦታው ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አገሩ ሁሉ ብድግ አለለት” ብላ አጫወተቻቸው። ከዚያ ወዲህ እሷ ችሎት ሳትከፍት አንድም ኮንሰርት ጀምረው አያውቁም።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ያን ቀን ያስታውሱታል፤ እናቷ አሟት ስለነበር የሚጠብቃት ጠፍቶ ወደ ፍርድ ቤት ይዘዋት ሄደው፣ ከኋለኛው ወንበር አስቀምጠዋት ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት መስሏቸው ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሰዉ ሲገፋ ረጅሙና ጓደኞቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳኛውን መሀል አደረጓቸው፤ ሱፋቸው እንኳ ሳይጨማደድ ሜዳው ላይ ደረሱ። ፀሐይዋ ገና ከስታዲየሙ ጣራ በላይ ናት። እትዬ ነጎድጓድ ከኪሳቸው የጆሮ መድፈኛ አውጥተው፣ ስንት ጨቅላ በተቀበሉበት እጃቸው፣ የዳኛውን ሁለት ጆሮ ደፈኑላቸው። አንዱን ጆሮ ዳኛው መልሰው ከፈቱት፤ ስልክ ይደውሉበታል።

“አባዬ፣ ደረስክ?”

“ደረስኩ። ሰዎችሽ ከበውኛል።”

“ረጅሙን አገኘኸው?”

“እሱን ማጣት ይቻላል እንዴ? አሁን ዝም ብለሽ ስሚ። ስልኩን አትዝጊ።”

የውሃ ጠርሙስ የሚጫንበት የፕላስቲክ ሳጥን መጣ፤ ተገልብጦ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። ማንም ውጡ አላላቸውም። ዙሪያቸውን የቆመው ሰው ግን ሁሉ እሳቸውን ያያል። ዳኛው እነዚያን የተነቀሱ ክንዶች፣ የተቀቡ ከንፈሮች፣ እንደ ሕፃን የሚጠብቁ ዓይኖች አዩ። ስልኩን ለእትዬ ነጎድጓድ ሰጡ። በረጅሙ ትከሻ ተደግፈው ሳጥኑ ላይ ወጡ። ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

“ችሎቱ!” አሉ፤ ድምፃቸው ከጡረታ ወጥቶ መጣ፣ ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ቀጥ የሚያደርገው ድምፅ። “ችሎቱ ተሰይሟል!”

ከአጠገባቸው አልፎ ሩቅ ድረስ የቆመው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ዳኛው ደነገጡ፤ ቀጥሎ የሚባለውን አላሰቡበትም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

“ጸጥታ የሚያስከብር ሁሉ... ይቀጣል!”

ሜዳው ፈነዳ። ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ። ሲወርዱ እትዬ ነጎድጓድ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉላቸው፤ ልጃቸው ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ “አባቴ ነው! አባቴ እኮ ነው!” እያለች ትጮኻለች። ስትጮህ ሰሟት። እውነትም ትችልበታለች።

ዝገት መድረክ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ጊታር ሲመታ ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በእግር ጫማ ገብቶ ደረት ላይ ወጣ፤ ዳኛው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ተሰማቸው። ሙዚቃ ነው ለማለት መጀመሪያ ትንሽ ተቸገሩ። ቢሆንም ስልኩን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርገው ቆሙ። ዘፈን አልቆ ዘፈን ሲተካ ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በግራ ሲዝል በቀኝ፣ በቀኝ ሲዝል በግራ። ረጅሙ ጎንበስ አለ።

“አባባ፣ ስልኩን ያምጡት፤ ወደ ፊት ይሂድላት! ከዚያ በደንብ ይሰማል!”

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌባ ሲዳኙ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መሀል ስልክ ከእጃቸው ሲወጣ ነፍሳቸው አብራ ልትወጣ ደረሰች። ሰጡት። “የፋሻ ነው! ወደ ፊት አሳልፉ!” እየተባለ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከራስ በላይ፣ እንደ አራስ ልጅ በጥንቃቄ እየተያዘ ሄደ። ዳኛው በእግራቸው ጣቶች ቆመው በዓይናቸው ተከተሉት። በሰዉ ባሕር ውስጥ ጠፋ። ለልጄ ምን ብዬ ልነግራት ነው እያሉ ቆዩ። ከዚያ ባላሰቡት በኩል፣ ከጀርባቸው፣ አይተዋት የማያውቁ ልጅ ትከሻቸውን ነካች።

“የፋሻ አባት እርስዎ ነዎት? ይኸው። እስከ መድረኩ አጥር ደርሷል።”

ስልኩ በላብ ረጥቧል፤ ግሏል። መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባንዱ ለስለስ ያለ ዘፈን ጀመረ። ሰዉ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተያያዘ። በዳኛው ግራ የረጅሙ ከባድ ክንድ፣ በቀኝ የእትዬ ነጎድጓድ ቀጭን ክንድ አረፈባቸው። ግጥሙን አያውቁትም። ዜማውን ግን የሆነ ቦታ ሰምተውታል። የት እንደሆነ ለማስታወስ ጥቂት ፈጀባቸው፤ ልጃቸው ዕቃ ስታጥብ የምታንጎራጉረው ነው። ሁልጊዜ ሬዲዮኑን ቀነስ አድርገው፣ እንዳታውቅባቸው ከጓዳው በር ማዶ ሆነው ያዳምጧት ነበር። ቃል ስለማያውቁ በ“እም እም” አብረው ማዜም ጀመሩ። ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ከወዲያ በኩልም የእሷ ድምፅ ቃሉን እየጠራች ተከተለ፤ አባት ዜማውን፣ ልጅ ግጥሙን።

በማግስቱ እሁድ ከሰዓት የሐኪም ቤቱ ኮሪደር በጥቁር ካናቴራ ተሞላ። ተረኛዋ ነርስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩን ዘጋች።

“ይሄ ክፍል ነው ወይስ ስታዲየም? ሁለት ሁለት ሰው ብቻ! ጫጫታ የሰማሁ እንደሆነ ሁላችሁንም ነው የማስወጣው!”

ዳኛው ጉዳዩን ያዙት። በር ላይ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡና ባለተራውን በቅጽል ስሙ እየጠሩ ሁለት ሁለቱን አስገቡ። ያ እባብና እሳት የተነቀሰ ግዙፍ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ በጣቶቹ ሲራመድ ስታይ ነርሷ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ረጅሙ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ዳቦ ይዞ ነበር፤ ለልጅቷም፣ ለክፍሉ በሽተኞችም፣ ለነርሷም ቆረሰ። አጠገቧ የተኙት አሮጊት፣ ቅዳሜ ምሽት ያን ጫጫታ አብረው የሰሙት፣ “ያ ከበሮ መቺ ወገቡ ተሻለው?” ብለው ጠየቁት።

እትዬ ነጎድጓድ ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት የልጅቷን ጸጉር ነው። ከወደቀች ጀምሮ አልታጠበም፤ ተያይዟል።

“እንዲህማ ሆነሽ አትተኚም” አሉ። ከነርሷ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ለመኑ፤ ውሃውን በክንዳቸው ለክተው ራሷን ወደ አልጋው ጠርዝ አስጠግተው ማጠብ ጀመሩ። ዳኛው ሳፋውን ያዙ። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ ይህን ጸጉር ማን ሲያጥበው፣ ማን ሲያበጥረው እንደኖረ አስበውት አያውቁም ነበር፤ ልጅቷ ራሷ ነበረች፣ ከትንሽነቷ ጀምሮ። የእትዬ ነጎድጓድ ጣቶች ከግንባር ወደ ማጅራት እንዴት እንደሚሄዱ፣ ውሃው ጆሮ እንዳይገባ መዳፋቸውን እንዴት ገደብ እንደሚያደርጉ፣ ሁሉንም ልብ ብለው አዩ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ውሃው ብቻ ነበር።

ዝገት እንዳለውም ተበተነ። ከበሮ መቺው ወገቡን ሊያስታምም ቤቱ ገባ፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ሄዱ። ሰዎቹ ግን አልተበተኑም። ረጅሙ ዳቦ ቤት እየተሰበሰቡ የድሮውን ዘፈን እያስከፈቱ ያወጋሉ፤ የሚታጠፈውን ወንበር ለዳኛው ይዘረጉላቸዋል። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው።

ከዚያ በፊት፣ ልጅቷ ገና ከነጀሶዋ ቤት የገባች ሰሞን፣ ዳኛው አንድ ጠዋት ሬዲዮኑን ዘጉና እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዘው መኝታ ቤቷ በር ላይ ቆሙ።

“ምንድን ነው እሱ?” አለች።

“ጸጉርሽን ላጥብሽ ነዋ።”

“አንተ?”

“አይቻለሁ እንዴት እንደሚታጠብ። ራስሽን ወደዚህ አድርጊ።”

ተሳካላቸው ማለት አይቻልም። ውሃው ፍራሹን አራሰው፤ ሳሙናው ዓይኗ ገባ። ልጅቷ ያን ጊዜ የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት የሚያስወጣ ነበር። ዳኛው ደንግጠው ማንቆርቆሪያውን ሊጥሉት ሲሉ ሳቅ ያዛት፤ እሳቸውንም ያዛቸው፤ አባትና ልጅ በአረፋ ተጨማልቀው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

“ዓይንሽን ጨፍኚ” አሉ ዳኛው ሲረጋጉ። “እስቲ ንገሪኝ። መጀመሪያ እዚያ ቦታ የወሰደሽ ማነው?”

“ማንም አልወሰደኝም። ብቻዬን ነው የሄድኩት” አለች፤ ጀመረችም። ዝናብ እንደነበር፣ ጃንጥላ እንዳልነበራት፣ አንዲት የማታውቃት ሽበታም ሴት ነይ ብላ ከላስቲኳ ስር እንዳስገባቻት ነገረቻቸው። ስለ ረጅሙ ሳቅ፣ ስለ ሰልፉ፣ ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ስላወጣችበት ሳጥን ነገረቻቸው። ዳኛው ጣታቸው ጸጉሯ ውስጥ እንዳለ ያዳምጣሉ፤ አልፎ አልፎም “ከዚያስ?” ይላሉ። ወሬው ሳያልቅ ውሃው ቀዘቀዘ። ሌላ ሊጥዱ ተነሱ፤ እሷም እንዲሰሟት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እሳቸው ጓዳ እያሉ፣ ካቆመችበት ቀጠለች።